ከድልድዩ የተነቀለው መብራት

ያን ሰሞን ከተማው ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አጥሩን ሁሉ ቀለም ይቀባ ነበር። ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ኮረኮንች ከወንዙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግን ሌላ ሥራ መጣ። ለቀበሌው ሊቀ መንበር ለአድነው ላዳ መኪና ተሰጥቶት ነበር። ላዳዋ ግቢ እንዳትገባ ደግሞ አዲስ ባስከፈተው በር ፊት ለፊት የቆመው የመንገድ መብራት አገዳት።

መብራቱን እንዲነቅል የታዘዘው ዋቅቶላ ነው። ዋቅቶላ የመብራት ሠራተኛ ሲሆን ቤቱ እዚያው ከወንዙ ማዶ ነው። ያንን ምሰሶ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የሰፈሩ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ሲያመጣው ጉድጓዱን ቆፍሮ የተከለው እሱ ራሱ ነበር። ከምሰሶው ሥር የእንጨት ድልድይ አለ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ሲመሽባቸው የሚሻገሩት በዚያ ብርሃን ነው።

እሑድ ጠዋት፣ ሚስቱ አበራሽ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ እሱ መሣሪያውን አንግቶ ወረደ። ሰፈርተኛው ለዘመቻ ሥራ ተብሎ ገመድ ሊጎትት ተሰልፏል። አድነው ካኪውን ለብሶ አንድ ወረቀት ይዞ ጠበቀው።

«ጓድ ዋቅቶላ፣ መጀመሪያ ይህችን ፈርም።»

ወረቀቱ ምሰሶው ከሥሩ በስብሶ ለሰፊው ሕዝብ ደህንነት አስጊ መሆኑን ባለሙያው አረጋግጧል ይላል። ዋቅቶላ ዝቅ ብሎ ምሰሶውን በመዶሻ መታው። ጥርት ያለ የጤነኛ እንጨት ድምፅ ሰጠ።

«ይሄ እኮ ምንም አልሆነም» አለ።

«አውቃለሁ» አለ አድነው ፈገግ ብሎ። በልጅነቱ ዋቅቶላን ጋሼ እያለ ነበር የሚጠራው። «አንተ ደግሞ ልጆች እንዳሉህ አውቃለሁ።»

ዋቅቶላ ፈረመ። ብዕሩ የአድነው የእጅ ላብ ነበረበት፤ ሲመልስለት መዳፉን ከሱሪው ላይ ጠራረገ።

ምሰሶውን ሲያወርዱ ደሳለች መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን እንጨት ተሸክማ የምታሳድግ ጎረቤቱ ናት።

«ጋሼ ዋቅቶላ፣ ወዴት ሊወስዱት ነው?»

«ወደ ላይ። ከግቢው ማዕዘን።»

«እኛስ?»

«ትእዛዝ ነው፣ ደሳለች» አላት፤ ዓይኗን ሳያይ።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ምሰሶው ከአድነው አጥር ጥግ ቆመ። ከዚያ የሚያበራው ለግቢውና ለላዳዋ ብቻ ነው። አድነው በግ አሳርዶ ስለነበር ሠራተኞቹን አስገባቸው። ጥብስ በእንጀራ ጠቅልሎ በሰው ሁሉ ፊት ወደ ዋቅቶላ ዘረጋ።

«በሞቴ! ባለሙያችን!»

እንቢ ማለት አይቻልም። ዋቅቶላ አፉን ከፈተ። ቅባት የጠጡት ጣቶች እስከ ጥርሱ ገቡ፤ ቀለበቱ ከንፈሩን ነካው፤ የሲጋራና የጮማ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ቀረ። ሰዉ ሳቀ። እንደ ምንም ዋጠና አመስግኖ ወጣ፤ ወንዙ ዳር ደርሶ አስመለሰው። አፉን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠ። ያንገሸገሸው ግን ሥጋው ብቻ አልነበረም፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ያለበት የራሱ ምላስ ጭምር ነበር።

ሐሙስ ዕለት ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሞላ። ደሳለች ማታ ከነሸክሟ ድልድዩን ስትሻገር ከወለሉ የጎደለውን ሳንቃ በጨለማው ሳታየው ቀረች፤ ወድቃ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰበረ። ዋቅቶላ በማግስቱ ሊጠይቃት ሆስፒታል ሄደ።

«በስብሶ ነው አሉን» አለችው። «ከበሰበሰማ ምን ይደረጋል።»

ዋቅቶላ የያዘውን ብርቱካን አልጋው ላይ አስቀመጠ። «አልበሰበሰም። ዋሽቼ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ደሳለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እሑድ በቀበሌው አዳራሽ የውይይት ክበብ ነበር። ዋቅቶላ እጁን አወጣ፤ ተነሥቶም ያንኑ በሰዉ ፊት ደገመው። «ምሰሶው ደኅና ነበር። የፈረምኩት ውሸት ነው። መብራቱ ወደ ድልድዩ ይመለስ።»

ገመዱን አብሮት የጎተተው ጌጡ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ጓዱ ትንሽ ደክሞታል» አለ አድነው፤ ሁለት አብዮት ጠባቂዎችም በብብቱ ይዘው አወጡት።

በቀበሌው እስር ቤት አሥራ አንድ ቀን ቆየ። የሽንቱ ባልዲ ከራስጌው ነበር። ያም ሆኖ፣ ኋላ ለአበራሽ እንደነገራት፣ ከባልዲው ይልቅ የቀፈፈው ያ የሰዉ ዝምታ ነው። ሲፈታም ጌጡ መንገድ ላይ አይቶት ወደ ሌላ ቅያስ ታጠፈ።

በዓሉ አለፈና አደባባዮቹ ላይ የተሰቀሉት መብራቶች ይወርዱ ጀመር። የዋቅቶላ አለቃ ይገዙ የሚባል፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሰላል ጭኖ መጣና ከበዓሉ የተረፈ አንድ መብራት ከድልድዩ አጠገብ ባለው በጎረቤቱ በቶለሳ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ወረቀት አልጻፈም፤ ማንንም አላስፈቀደም። «ማን ሰቀለው ብለው ከጠየቁህ፣ ይገዙ ነው በል» ብሎ ለዋቅቶላ ነገረውና ሄደ።

ማንም አልጠየቀም። በሳምንቱ አድነው ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጡ እንግዶችን ይዞ ድልድዩ ጋ ቆመ። ሰፈርተኛው ተጠርቶ ወጣ።

«ቀበሌያችን የሰፊውን ሕዝብ ችግር በመረዳት» አለ አድነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ቀድሞ አንድ መብራት ብቻ በነበረበት ቦታ ዛሬ ሁለት አድርሷል!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ጌጡ ከሁሉ አብልጦ ያጨበጭባል። ደሳለች በምርኩዝ ተደግፋ ከዋቅቶላ ጎን ቆማለች። ከሆስፒታሉ ወዲህ ስታናግረው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ያጨብጭቡ እንጂ፣ ጋሼ» አለችው ቀስ ብላ። «እያዩዎት ነው።»

«ይዩ» አላት።

እጁን ከቱታው ኪስ ያወጣው ክንዷን ለመደገፍ ነው። ንግግሩ ሳያልቅ ጀርባቸውን ሰጥተው ድልድዩን ተሻገሩ።