ኤዶ ፋዱማ ያላየችው

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን ገና ከመጀመሪያው ብናገር ይሻለኛል። ሰው ስልኩ ላይ ጉድ ሲገጥመው መጀመሪያ የሚወቅሰው ስልኩን ነው፣ ቀጥሎ ኔትወርኩን፤ ስልኩን የሸጠችለትን ሴትዮ ግን ማንም አያስታውሳትም። ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ፊርዶስ እባላለሁ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ስልክ እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ኢሜይል ለሌለው ኢሜይል እከፍታለሁ።

ይቺ ኢሜይል መክፈት ናት ጉድ የሠራችኝ። አዲስ ስልክ ሲነሳ ኢሜይል ይጠይቃል። ደንበኞቼ ደግሞ ኢሜይል የላቸውም፤ ቢኖራቸውም የይለፍ ቃሉን ረስተውታል። ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ለእያንዳንዱ አዲስ መክፈት ስለሚሰለቸኝ፣ ለአንድ ቤት አንድ ኢሜይል ከፍቼ የቤቱ ሰው ስልክ ሁሉ ላይ እጭን ነበር። ለዓመታት ማንም ቅር ብሎት አያውቅም፤ እኔም ብልህ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ናዲፋ የመጣችው ሐሙስ ዕለት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰርቪስ እንደወረደች ነው። እዚያ ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ዐብዲገኒ የጂቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ በወር አሥር ቀን እንኳ ቤቱ አያድርም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የምትኖረው ከእናቱ ከኤዶ ፋዱማ ጋር ነው። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ይላታል። አንቱ ግን የሚላት የለም። ድሬ ውስጥ አንቱ የተባለ ሰው፣ ምን አስቀየምኩ ብሎ ይጨነቃል።

ናዲፋ ሰው እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ ስልኳን የመሸጫ ሣጥኑ መስታወት ላይ አስቀመጠችው።

"ፊርዶስ፣ ይሄ ስልክ የጻፍኩትን ሁሉ እንዳያስታውስ ማድረግ ይቻላል?"

"ምን ጽፈሽ ነው አቦ? ባል እየፈለግሽ ነው እንዴ?"

አልሳቀችም። "አርግዣለሁ፤ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ" አለች፣ እኔን ሳይሆን መስታወቱን እያየች።

ቀልዴን ዋጥኩት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጽንስ ጠፍቶባታል። ሁለተኛው ላይ ገና በሁለት ወሯ ለሰው ስለነገረች ሰፈሩ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ መጣ። ከወር በኋላ ያው ሰፈር አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ ሊላት ተመልሶ መጣ። ከሕመሙ ይልቅ ያ አይዞሽ እንደጎዳት ነግራኛለች። አሁን አምስት ወር እስኪሞላት ከባሏ በቀር ማንም እንዳያውቅ ምላለች።

ጥያቄ ግን አምስት ወር አይጠብቅም። ወገቧን በቆረጣት ቁጥር፣ ባስመለሳት ቁጥር፣ በምሳ ሰዓት ጥግ ይዛ ስልኳን ትጠይቃለች። በዚያ ሳምንት ስልኩ የዳይፐርና የሕፃን አልጋ ማስታወቂያ ያዘንብባት ጀመር። ከጎኗ የምትሰፋ ልጅ አይታ "ይሄ ደግሞ ለማን ነው?" ስትላት ክው ብላ ቀረች።

"ኤዶስ ታውቃለች?" አልኳት።

"አታውቅም። ብታውቅማ እንዲህ አታደርገኝም።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። "አራት ዓመት አብረን ስንኖር ክፉ ተናግራኝ አታውቅም። ይሄው ከወር ወዲህ ግን የምሠራው ሁሉ አይጥማትም። ጀሪካን ሳነሳ ግማሹን መንገድ ላይ ነው የምታፈሺው ብላ ትቀማኛለች። ልብስ ላጥብ ስል፣ የአንቺ እጥበት ሳሙና ከመፍጀት ሌላ ምን ያውቃል ትላለች። መጥረጊያ እንኳ አታስነካኝም። ልጅ ስላልወለድኩላት ጠልታኛለች። ልጇን ሌላ አግባ ልትለው ነው።"

ምን ይባላል? ወደማውቀው ሥራ ዞርኩ። የሰው ነገር የማይከታተል፣ ሲዘጋ የተጻፈበትን ሁሉ የሚጠርግ ብሮውዘር ጫንኩላት። ማስታወቂያ ተከታዮቹን ዘጋሁ፣ ስትወጣ ሁሉም እንዲጠፋ አደረግኩ፣ ከፊት ገጽ አንስቼ ማንም የማይነካው የካልኩሌተር ጎረቤት አደረግኩት። "እዚህ ውስጥ የፈለግሽውን ጠይቂ። ስትዘጊው አያውቅሽም" አልኳት። ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ።

የቀረኝ የድሮውን ማጥፋት ነበር። ኢሜይሉን ከፍቼ የፍለጋ ታሪኩን ጠርጌ ጨረስኩ። ዝቅ ስል ኢሜይሉ ያለባቸው ስልኮች ዝርዝር ወጣ። ሁለት ስልክ። አንደኛው እጄ ላይ ያለው ነው። የሁለተኛውን ሞዴል ደግሜ አነበብኩ። ራሴ የሸጥኩት የኤዶ ፋዱማ ስልክ ነበር።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ለጥቂት ጊዜ አስቤበትም ነበር፣ አልዋሽም። ግን ነገርኳት፤ በአንድ ኢሜይል የተሳሰሩ ስልኮች ናቸው፣ አንቺ የጻፍሽው እሷ የፍለጋውን ሳጥን በነካች ቁጥር ሊወርድላት ይችላል አልኳት።

ናዲፋ የስልክ ካርቶኖች ላይ ቁጭ አለች። "አይታለች ማለት ነው?"

"ላታይም ትችላለች።"

የማይሆን ማጽናኛ ነበር። ኤዶ ፋዱማ ሠላሳ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ አማርኛን አጥርታ የምታነብ ሴት ናት፤ የሶማሊ ድራማ ስትፈልግ ስልኳን ከእጇ አትለይም። ለናዲፋ የራሷን ኢሜይል ከፈትኩላት፤ በስንት ዓመቷ። ያየ ሰው ዓይን ላይ ያለውን ግን እኔም ልጠርገው አልችልም።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። "አይታ ዝም ካለች፣ ይሄኛውም እስኪጠፋ እየጠበቀች ነው ማለት ነው" አለች። ያ ንግግር ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም።

በማግስቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ድሬ ሱቋን ዘግታ በምትጋደምበት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። በዚያ ሙቀት የሚመጣ ወይ የታመመ ነው ወይ የተጣላ። ስከፍት ኤዶ ፋዱማ ናት፤ ድሪያዋ በላብ ተጣብቋል፣ ከባጃጁ እስከ ሱቄ በር ድረስ በጉልበቷ ሕመም እያነከሰች መጥታለች። ስልኳን ዘረጋችልኝ።

"ፊርዶስ፣ ባዶ ነው" አለችኝ። "ትናንት ጠዋት አሥራ አንድ ሳምንት የሚል ነበር። ዛሬ ስነካው ምንም የለም። ልጅቷ ምን ሆነች? ጠፋባት እንዴ?"

አስቀመጥኳት፣ ውሃ ሰጠኋት። "ምንም አልሆነችም ኤዶ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እሷም ሆዷም ደህና ናቸው።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ደጋግማ አለችው። ከዚያ በድሪያዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ለካ ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ታውቃለች። ድራማ ልትፈልግ ሳጥኑን ስትነካ የናዲፋ ጥያቄ ይወርድላታል። ስድስት ሳምንት፣ ሰባት ሳምንት፤ እንዲህ እያለች በየጠዋቱ ቆጥራለች። ናዲፋ ምንም ያልጻፈችበት ቀን ለኤዶ ምግብ አይወርድላትም ነበር።

"ለምን እንደምታውቂ አልነገርሻትም?"

"መንገር የእሷ ነው። ሳትነግረኝ እንዳወቅኩ ብታይ ልቧ ይደነግጣል። እኔ ዐብዲገኒን ያገኘሁት ሦስት ከጠፉብኝ በኋላ ነው። ሰው ሲያይሽ እንዴት እንደሚከብድ አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ጀሪካኑስ? እጥበቱስ?"

"ሌላ ምን ብዬ ልቀማት?" አለች ተቆጥታ። "እርጉዝ ነሽ አስቀምጪ ልበላት? ካልተቆጣኋት አትለቅም፣ እልኸኛ ናት።"

ፈራ ተባ እያልኩ ናዲፋ የጠረጠረችውን ነገርኳት። ሌላ አግባ ልትለው ነው ብላለች አልኳት። ኤዶ ፋዱማ የውሃውን ብርጭቆ መስታወቱ ላይ አስቀመጠች። "እኔ አነጋገር አላውቅም" አለች ቀስ ብላ። "ከእንግዲህ ሥራውን ስቀማት፣ ጉልበቴን ሐኪም አንቀሳቅሺው ብሎኛል እላታለሁ።"

ከዚያ ስልኳን ወደ እኔ ገፋችው። "ለእሷ ያደረግሽውን ለእኔም አድርጊልኝ። የምጠይቀው አለኝ። እሷ የጻፈችው እኔ ጋ ከመጣ የእኔም እሷ ጋ ይሄዳል ብዬ ይሄን ሁሉ ሳምንት እጄን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ።"

አፈርኩ። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ ያላሰብኩትን እሷ ለብቻዋ ደርሳበታለች። የድሮውን ኢሜይል አነሳሁ፣ የራሷን ከፈትኩ፣ ያንኑ ብሮውዘር ጫንኩ፣ ፊደሉን አሳደግኩላት። መነጽሯን አድርጋ በአንድ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል፣ ሁለት የጠፋባት ሴት በሦስተኛ ወሯ ምን ትብላ ብላ ጻፈች። መልሱን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እስከ መጨረሻው አነበበችው። ዘግታ መልሳ ከፈተችው። ባዶ መሆኑን ስታይ ፈገግ አለች።

"ናዲፋ ከጠየቀችሽ፣ አላየችም በያት።"

"ልዋሽ?"

"አንቺ አይደለሽም ጉዱን የፈጠርሽው?"

ቅዳሜ ናዲፋ መጥታ "አይታለች?" ስትለኝ፣ "ስልኳ እጄ ገብቶ ነበር። አላየችም" አልኳት። ግንባሯን መስታወቱ ላይ ደፍታ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንቅልፍ የሰጠኝ ውሸት ግን ይሄ ብቻ ነው። ልትሄድ ስትል፣ ኤዶ ትናንት ጀሪካኑን ሳትሳደብ እንደወሰደችባት፣ ጉልበቷን ሐኪም አንቀሳቅሺው እንዳላት ነገረችኝ። እኔም ጥሩ ሐኪም ነው አልኩ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ እሑድ ናዲፋ ሆዷን ሳትደብቅ፣ ቀስ ብላ እየተራመደች መጣች። አምስት ወሯ ሞልቶ በዋዜማው ለኤዶ ነግራታለች።

"እንዴት ሆነች?"

"ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች። እንዴት እስካሁን ሳላውቅ ብላ ተቆጣችኝ። እልልታዋን ጎረቤት ሁሉ ሰማው።" የስልክ ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጠች። "ከዚያ ሳጥኗን ከፍታ የሕፃን ልብስ አወጣች። ስምንት። በእጅ የተሰፋ፣ ታጥቦ የታጠፈ። ፊርዶስ፣ እኔ የስፌት ሠራተኛ ነኝ። ያ ስፌት የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።"

እየፈታሁት የነበረው ስልክ ላይ አቀረቀርኩ። "እኔ የማውቀው ስልክ ነው" አልኩ።

በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። "ጀሪካኑ" አለች። ቀጥላ "እጥበቱ" አለች። "መጥረጊያው።" አንዱን ባነሳች ቁጥር ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ፤ በመጨረሻ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም አብሬያት።

ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች። "እንግዲያው እኔም አላወቅኩም" አለች። "ማጠብ አትችይም ካለችኝ አልችልም።"

ባጃጅ ጠራሁላት። ኤዶ ፋዱማ ምሳ ይዛ እየጠበቀቻት ነበር።