ከነጩ ጨሌ ሥር

ራንዳ የክሩን የላይ ቋጠሮ በመቀስ ቆረጠችና ነጩን ጨሌ አውጥታ ጣሳ ውስጥ ጣለችው። ከነጩ ሥር የነበረው ሰማያዊ ነው።

«ሰማያዊ» አለች።

ናርዶስ ክሩን ተቀብላ ግቢው ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ከፍ አድርጋ አሳየችና ሰማያዊዎቹ ያሉበት ሳህን ላይ አኖረችው። በላስቲክ ወንበሮች ላይ የተደረደሩት የካርቱም ኢትዮጵያውያን እድር አባላት አጉረመረሙ። ነጩ ጨሌ የጥዑመልሳን ነው። በአንደኛ ምርጫ ቆጠራ መጨረሻ የወጣው እሱ ስለሆነ፣ እሱን አንደኛ ያደረጉት አሥራ አንድ ክሮች አሁን ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው መሄድ አለባቸው።

ጥዑመልሳን ራሱ ምንም የከፋው አይመስልም። ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይነዳል። ለሊቀመንበርነት የቀረበውም ጓደኞቹ ለቀልድ ስሙን ስላስመዘገቡት ነው።

«አሥራ አንድ ሰው ይወደኛል» አለ አጠገቡ ላሉት። «እና እስከ ዛሬ ሚስት ያጣሁት ለምንድን ነው?»

እድሩ በዚህ ዓይነት ሲመርጥ የመጀመሪያው ነበር። ባለፈው ጊዜ በእጅ ማውጣት መርጠው፣ ሁሉም ለአገሩ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ከሢሶው ብዙም ያልበለጠ እጅ ያገኘ ሰው ሊቀመንበር ሆነ፤ የቀሩት ዓመቱን ሙሉ አኮረፉት። ዐማራት የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ ቢሮ ሒሳብ የምትሠራው ናርዶስ ነች ሌላ መንገድ ያመጣችው። እያንዳንዱ አባል ሦስቱንም ተወዳዳሪዎች በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይወድቅና መራጮቹ ሁለተኛ ላሏቸው ይቆጠራል። ከአባላቱ ግን አማርኛ የሚያነበው ግማሹ ነው። እንደ ራንዳ ካርቱም ያደጉት የሚያነቡት ዐረብኛ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም የማያነቡ ብዙ ናቸው። ስለዚህ በወረቀት ፈንታ ከሱቅ ዐረቢ ገበያ የሦስት ቀለም ጨሌ ተገዛ። ቀይ ለለተብርሃን፣ ሰማያዊ ለበለጠ፣ ነጭ ለጥዑመልሳን። አባሉ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ሦስቱን በክር ይሰካል፤ ላይ ያለው አንደኛው ነው።

«ጨሌ አስራችሁ ዛር ልታወርዱብን ነው?» ብሎ ነበር ሽማግሌው ጋሽ ይማም፣ ናርዶስ ስታስረዳ። ቀጥሎም ደቡቦቹ ድምፅ ሰጥተው ሱዳን ለሁለት የተከፈለችበትን አንስቶ፣ ድምፅ አገር ከከፈለ እድር መክፈል አያቅተውምና በርጋታ ይሁን አለ።

ቆጣሪ ይመረጥ ሲባልም ራንዳን የጠቆመው እሱ ነው። «ከእኛ መካከል የማንም አገር ልጅ ያልሆነች እሷ ብቻ ናት። ደግሞ መቀስ ታውቃለች» አለ። የራንዳ እናት ሸዋአለም ኢትዮጵያዊት፣ አባቷ አዋድ ሱዳናዊ ነበሩ። እድሩ ውስጥ ያለችው በሟች እናቷ ቦታ ነው። ይማም የተናገረው ለምስጋና መሆኑን ብታውቅም፣ ወደ ጠረጴዛው ስትሄድ ፊቷን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

ቀጣዩን ክር ስታነሣ ጣቶቿ ከዓይኗ ቀድመው ዐወቁት። ሌላው ሰው ክሩን ሁለት ጊዜ አዙሮ ጎትቶ ነው የቋጠረው። ይሄኛው ጣት ላይ ተጠምጥሞ፣ በአውራ ጣት ታሽቶ የወረደ የልብስ ሰፊ ቋጠሮ ነው። የራሷ ክር ነው። ላዩ ነጭ፣ መሃሉ ሰማያዊ፣ ታቹ ቀይ።

ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ ስትሰካው ምንም አልከበዳትም ነበር። ነጩን ላይ ያደረገችው ለጥዑመልሳን አዝና ነው። ማታ ከሥራ ስትወጣ ራክሻውን አቁሞ ይጠብቃታል፣ መንገድ ሙሉ ያስቃታል። በሰው ሁሉ ፊት ባዶ ሳህን ይዞ ሲቀር ማየት አልፈለገችም። ቀዩ እንደሆነ ያለሷም ያሸንፋል። እትዬ ለተብርሃንን የማይወድ ማን አለ?

ሰማያዊው የገባው በእሺታ ነው። በለጠ ሱቅ ዐረቢ ውስጥ የልብስ ሱቅ አለው፤ ራንዳም የምትሰፋው ከሱቁ በራፍ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ሻይ አስመጥቶላት፣ በርጩማ ስቦ ማሽኗ አጠገብ ተቀመጠ።

«አንደኛሽን አልጠይቅሽም ልጄ፤ እሱ የልብ ጉዳይ ነው» አላት። «ሁለተኛ ብቻ አድርጊኝ። ሁለተኛ ማንንም አይጎዳም።»

ትሕትናው ደስ አላት። እሺ አለች። እሺ ካለች ደግሞ፣ ማንም በማያያት መጋረጃ ጀርባ እንኳ፣ ቃሏን ማጠፍ ነውር መሰላት። እንዲህ እንዲህ ሲል፣ እንድታሸንፍ ከልቧ የምትፈልጋት ሴት መጨረሻ ላይ ቀረች።

ለተብርሃንንና በለጠን የሚለያያቸው ነገር አንድ ነበር፤ እሱንም ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። ሶባ በሚገኝ ሆስፒታል ሬሳ ክፍል አንዲት ልጅ ተኝታለች። ማዘንጊያ ትባላለች። ዐማራት በአንድ ቤት ስትሠራ ቆይታ ወባ ጨርሷት ሞተች። ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ዘመድ የላት፣ የእድር አባልም አይደለች። ለተብርሃን በዚያው መንገድ በሌላ ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ልጅቷን የምታውቃት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ነው። እድሩ ይቅበራት ብላ ጠየቀች። በለጠ ደንቡ አባል ላልሆነ አይፈቅድም አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ በመተማ በኩል የሚገባውን ሁሉ እንቅበር ካልን የራሳችንን ሰው መቅበሪያ እናጣለን የሚል ነው ሐሳቡ፣ ብዙዎችም ይስማማሉ። የቀድሞው ኮሚቴ ነገሩን ሳይወስን ለአዲሱ ሊቀመንበር ተወው።

ራንዳ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። እናቷ የሞተች ቀን የአባቷ ቤተሰቦች ክርስቲያን አንገንዝም ብለው በር ላይ ሲቀሩ፣ ገብታ አጥባ የገነዘቻት ለተብርሃን ናት። ያን ሌሊት ራንዳን አቅፋ ያሳደረቻትም እሷ ናት።

ክሩን ያዘችው። ናርዶስ ለአፍታ ወደ ሳህኖቹ ዘወር ብላለች። ሁለቱንም ጨሌ አውልቆ ቀዩን ማስቀረት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነው። የራሷ ድምፅ አይደለም እንዴ? የፈለገችውን የምታውቅ እሷ ራሷ አይደለችም? ግን ቆጣሪ ያደረጓት ስለታመነች ነው። ቀዩ ሳህን ደግሞ አሁንም ይበልጣል፤ አንድ ክር ምንም እንደማይለውጥ ለራሷ ነገረች።

«ምነው?» አለች ናርዶስ።

«ምንም። ቋጠሮው ጠብቆ ነው።»

ቆረጠችው። «ሰማያዊ» አለች።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ክሮች እየፈራች ነበር የምትቆርጠው። ሰማያዊ። ቀይ። ሰማያዊ። አንዴ ቀይ ሲወጣ ድምፅዋ ሳይታወቃት ከፍ አለና ከፊት ያሉት ሳቁ። የመጨረሻው ሰማያዊ ነበር። ናርዶስ ሁለቱን ሳህኖች ሁለት ጊዜ ቆጠረችና ተነሥታ ተናገረች። ለተብርሃን ሃያ አንድ፣ በለጠ ሃያ ሁለት። ከአሥራ አንዱ የጥዑመልሳን ክሮች ስምንቱ ወደ በለጠ ሄደዋል።

ጠዋት በአንደኛ ምርጫ ለተብርሃን በሰፊው ስትመራ ያዩ ሰዎች ስሕተት አለ ብለው ተነሡ። ናርዶስ ደጋግማ አስረዳች። አብዛኛው ሰው አንደኛ ያላት ለተብርሃንን አይደለም፤ ከሌሎቹም ብዙዎቹ ከሷ ይልቅ በለጠን አስቀድመዋል። ጋሽ ይማም ጨሌዎቹን እየነካካ፣ ልክ ነው፣ የሰካነው እኛው ነን አለ።

ራንዳ መቀሷን ዘግታ ከጠረጴዛው ተነሣች። ከኋላ ረድፍ ያገኘችው ባዶ ወንበር ከአሚና ቀጥሎ ነበር። አሚና ሻይ ሻጭ ናት፤ ወደ ራንዳ ጆሮ ጠጋ ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፍና አንሾካሾከች።

«እኔኮ ጥዑሜን ያልኩት ባዶ እንዳይወጣ ብዬ ነው። ለተ ያለኔም ታሸንፋለች ብዬ! በለጠን ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥቶ ለምኖኝ...»

አሥራ አንድ ሰው አንድ ሰው ከኀፍረት ሊያድን ለየብቻው መጋረጃ ጀርባ እንደገባ ለራንዳ ገባት። ከመካከላቸው ክፉ ያሰበ አልነበረም። ያን ሰማያዊ ጨሌ ምላሷ ላይ የያዘችው መሰላት።

ለተብርሃን ሰው እየጨበጠች፣ «አይዞሽ» የሚሏትን መልሳ «አይዟችሁ» እያለች መጣችና በራንዳ ሌላ ጎን ካለው ወንበር ተቀመጠች። የነጠላዋ ጫፍ የራንዳ ወንበር ላይ አረፈ።

«ማዓሌሽ፣ አይዞሽ ልጄ። ያንቺስ እጅ እንዴት ደከመ!»

ራንዳ መቀሷን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«እነዚያን ስምንት ሰዎች ባውቃቸው ጥሩ ነበር» አለች ለተብርሃን ወደ ሳህኖቹ እያየች። «ልረግማቸው አይደለም። የልጅቷን ስም እነግራቸው ነበር። ስሟን ቢያውቁ እንዲህ አያደርጉም።»

ስምንተኛዋ ስሟን ታውቅ ነበር።

ጋሽ በለጠ ቆሞ ይናገር ጀመር። የለበሰው ነጭ ጀለቢያ በደንብ ተተኩሷል። ሁሉንም አመሰገነ፤ ለተብርሃንንም እህቴ እያለ ከሁሉ አስበልጦ አመሰገነ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሶባ ስላለችው ልጅ፣ ነፍሷን ይማር። እኔም አባት ነኝ። ግን ደንባችን አባል ላልሆነ አይፈቅድም። ነገ ለኤምባሲው እናሳውቃለን፣ ኢንሻአላህ እነሱ ያደርጋሉ።» ግቢውን ዞር ብሎ አየ። «ጥያቄ ያለው አለ? ከሌለ፣ ያላ፣ በጸሎት እንዝጋ።»

ወንበሮች መንቀሳቀስ ጀመሩ። ራንዳ በስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም። ቃል ይጠፋኝና ይሥቁብኛል ብላ ስለምትፈራ የሰው ንግግር እየሰማች ነበር የምትወጣው። ተነሣች።

«ጋሽ በለጠ» አለች። የሚሄዱት ቆሙ። «ነጩን ከላይ ካደረጉት አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛ ያልኩት እርስዎን ነው። ሱቅ መጥተው ጠየቁኝ፣ እሺ አልኩ።»

በለጠ ፈገግ አለ፤ ምስጋና መስሎት ነበር። ራንዳ ወደ ጎን አልዞረችም፤ ቢሆንም ለተብርሃን የነጠላዋን ጫፍ ከወንበሩ ላይ ሰብስባ ወደ ራሷ ስታደርግ በዓይኗ ጠርዝ አየች።

«ሁለተኛ ማንንም አይጎዳም አሉኝ» አለች። «ኸላስ፣ ያለፈ አለፈ። እኔ ግን እሺ ብዬዎታለሁ። አሁን እርስዎም አንዴ እሺ ይበሉኝ። ነገ ጠዋት አብረን ሶባ እንሂድ። ልጅቷን ይዩዋት። እምቢ የሚሉም ከሆነ፣ እዚያ ቆመው ይበሉት።»

በለጠ ወደ ጋሽ ይማም ተመለከተ፤ ይማም መሬት መሬት አየ። አሚና አንገቷን ደፋች። ከወዲያ ረድፍም አንድ ሁለት ሰዎች አንገታቸውን ሲደፉ ታየ። ጥዑመልሳን ሊቀልድ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«ነገ እንኳ ሥራ አለ...» አለ በለጠ፣ ሳይጨርሰውም ቀረ።

ናርዶስ ከጠረጴዛው ጀርባ በእጇ ተቀመጪ የሚል ምልክት ሰጠቻት። ብትቀመጥ የምትቀመጠው ከእትዬ ለተብርሃን አጠገብ ነው። ራንዳ ቆማ መልሱን ጠበቀች።