ያመዋል?

መምህር አስናቀው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ካለው ደብር ሲደርስ፣ ዛፍ ቆራጩ ያለው ምሳሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ጥዱን ሽቅብ እያየ ነበር። ጥዱን የተከለችው የአስናቀው እናት ናት፤ ባሏን በቀበረች ማግስት፣ ከመቃብሩ ራስጌ። አሁን የቤተ ልሔሙን ጣሪያ ክረምቱ አጎበጠውና ምሰሶ ቢያስፈልገው፣ ዕጣው ለዚህ ዛፍ ወጣ።

«አባ፣ ዛፍም እኮ ሲቆረጥ ይሰማዋል» አላቸው የደብሩን አስተዳዳሪ ቄስ አካሉን።

ያለው ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ መምህር! እንግዲያውስ ጎመኑም ሲቀነጠስ ያለቅሳላ! ሑዳዴን ምን በልተን ልንከርም ነው? ድንጋይ?»

ቄስ አካሉ ግን አልሳቁም። «አንተ የተማርህ ነህ፤ ንገረኝ። እንደ በሬው ያመዋል? አዎ ካልኸኝ ምእመናኑን ለምኜ የብረት ምሰሶ አስቆማለሁ።»

የተፈለገበት አንዲት ቃል ነበረች። አስናቀው ያነበባቸውን መጻሕፍት ሁሉ በልቡ ቢያገላብጥ ያቺን ቃል አጣት። ቅጠል ተባይ ሲበላው መራራ ፈሳሽ እንደሚያመነጭ ያውቃል፤ ነርቭም አንጎልም የሌለው ፍጡር ስቃይን በምን እንደሚሸከመው ግን አያውቅም።

«ምላሽ ይሰጣል» አለ። «ምላሽ መስጠትና መታመም ግን... አንድ መሆናቸው ገና አልተረጋገጠም።»

«እኔ የጠየቅሁህ ያመዋል ወይ ብዬ ነው።»

አስናቀው ዓይኑን ወደ ጥዱ መለሰ። ቄሱ ለያለው በአገጫቸው ምልክት ሰጡት።

የመጀመሪያው ምት ቅርፊቱን ልጦ ነጠረ።

«አቁም! ያመዋል!» ሲል ጮኸ አስናቀው።

ምሳሩ አየር ላይ ቀረ። የቄሱ ፊት ፈካ፤ የእጅ መስቀላቸውን ከካባቸው ሥር አወጡ። «እሰይ! ማል አልልህም። ይህን ይዘህ ድገምልኝ ብቻ።»

አስናቀው እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ከመስቀሉ ሳይደርሱ ተንጠልጥለው ቀሩ። የእናቱን ዛፍ የሚያድነው ውሸት፣ ምናልባትም እውነት፣ ከንፈሩ ላይ ደርሶ አልወጣ አለው። በገዛ ራሱ ተናድዶ እጁን መለሰ።

«አዎ ብትለኝ ወድጄ ነበር» አሉ ቄስ አካሉ፣ መስቀላቸውን ቀስ ብለው እየመለሱ።

ያለው ምቱን ደገመ። ምሳሩ ግንዱን ዘንጥሎ ተንሸራተተ።

«ቢያንስ ሳለው እንጂ!» አምባረቀበት አስናቀው። «በዚህ ዶልዷማ ልታሰቃየው ነው?»

ያለው ሊቀልድ አፉን ከፈተና ቄሱን አይቶ መልሶ ዘጋው። ሞረዱን ከኪሱ አውጥቶ ሥሩ ላይ ተቀመጠ፤ ምሳሩንም ይስል ጀመር። አስናቀው እዚያው ቆሞ እስኪጨርስ ጠበቀው።