ባዶ የቀረው ተራ ቁጥር

«ድንኳኑ ተተከለ?» አለች ዘቢደር እስክሪብቶዋን እያዘጋጀች።

«ተተክሏል» አለ የዕድሩ ዳኛ ጌቱ።

«አግዳሚ ወንበሩስ?»

«አንተነህ በጋሪ እያመጣው ነው።»

ድንኳን የሚለውን ሰረዘች፤ አግዳሚ የሚለውን ተወችው። «እያመጣው ነው» ለእሷ ገና አልመጣም ማለት ነው። የይጁቤ ሰው «ዘቢደር ሳትሰርዝ ሬሳ አይወጣም» እያለ ይቀልድባታል። ይቀልድ እንጂ፣ የዕድሩ ጸሐፊ ከሆነች ወዲህ ንፍሮ ያነሰበት ወይም መቃብር ቆፋሪ የጠፋበት ለቅሶ የለም። ከደብተሯ አንድ ወረቀት ትገነጥላለች፣ ሥራውን በተራ በተራ ትጽፋለች፣ ከየሥራው አጠገብ የሠሪውን ስም ታስገባለች፤ አለቀ።

ዛሬ ግን ስም ያላገኘ ተራ ቁጥር ነበር። ንጋት ላይ ያረፉት አናጢው አቶ አምሳሉ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ሂዊ ትባላለች፣ ደብረ ማርቆስ ፀጉር ቤት ትሠራለች። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። «7. ለሂዊ መርዶ መንገር» ከሚለው አጠገብ ግን የሚገባ ሰው ጠፋ። ጉድጓድ ለመቆፈር የተሻማው ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርስ አንዱ እግሬን አመመኝ፣ ሌላው ሆዴ አይችልም አለ። ጌቱም ሁለት ጊዜ «ይታሰብበታል» ብሎ አልፎታል።

ዘቢደርም ብትሆን ፈርታዋለች። በእናቷ ሞት ጊዜ «ትንሽ አሟቸው ነው» ተብላ ከአዲስ አበባ ብርቱካን ታቅፋ መጥታለች። መንገዱን ሙሉ ሐኪም ቤት ስለመቀየር ስታስብ ነበር። ድንኳኑን ያየችው ከመኪና ስትወርድ ነው። ያ ብርቱካን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከጓዳ ስልክ ጮኸ። የሟች ስልክ ነበር፤ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ «ሂዊ» የሚል ጽሑፍ ያበራል። የሚያለቅሱት ሴቶች ተያዩ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመና ወዲያው እንደገና ጀመረ።

«ማንም እንዳያነሳው» አለ ጌቱ።

«እሱ ካልተነሳ ጎረቤት ዘንድ ትደውላለች። ጎረቤቱ ደግሞ ይኸው እያለቀሰ ነው» አለች ዘቢደር። «አሁኑኑ ሰው መሄድ አለበት።»

«እኮ ማን?»

ወረቀቷን አየችው። ሥራውን ሁሉ ለሰው አድላ እሷ እስክሪብቶ ይዛ መቆሟ አሳፈራት። ሰባተኛው ላይ የራሷን ስም ጻፈችና ወረቀቱን ለጌቱ አቀበለችው።

«አንቺ ከሄድሽ ይኼን ማን ሊመራው ነው?»

«ተጽፏል እኮ። ብቻ እያመጡ ነው ሲሉህ እንዳትሰርዝ።»

ጌቱ እስከ መንገዱ ሸኛት። «አሟቸዋል ብቻ በያት፣ እቴ። መንገድ ላይ ብትወድቅብሽ ምን ልትሆኚ ነው? እዚህ ከሰው መሀል ትስማው።»

ምክሩ ክፉ አልነበረም። ሚኒባሱ ውስጥ ሌላ ወረቀት ገነጠለች፤ ልማድ መቼ ይለቃል። «1. አሟቸዋል ማለት። 2. አሠሪዋን ማስፈቀድ። 3. ነጠላ ማስያዝ። 4. የመልስ መኪና።» ማርቆስ እስክትደርስ አንደኛውን በልቧ ስትለማመደው ቆየች።

ሂዊ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እያበጠረች ነበር። ዘቢደርን በመስታወቱ ውስጥ ስታያት ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን አልቆየም።

«እትዬ ዘቢደር፣ ምን እግር ጣለሽ? አባዬ ስልክ አያነሳልኝም።» ዞረች። «አሞት ነው?»

ዘቢደር አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀራት። አዎ ብትላት ልጅቱ ነጠላዋን አንስታ፣ ምናልባትም ለአባቷ የሚበላ ነገር ገዝታ ትከተላታለች። ያን መንገድ ግን ዘቢደር ታውቀዋለች።

«አይደለም፣ ልጄ» አለቻት። ማበጠሪያውን ከእጇ ወሰደችና ወንበር ሳበችላት። «ነይ ተቀመጪ።»