ሶዳው የፈታው መድኃኒት

ሰርካዲስ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የውሃ ላቦራቶሪ ትሠራ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ግንቦት፣ ከደሴ ዙሪያ የመጣ የምንጭ ውሃ መርምራ «ንጹሕ ነው» ብላ ፈረመች። ከምንጩ በላይ የከብት ማደለቢያ ስላለ፣ ለከብቶቹ የሚሰጠው ቴትራሳይክሊን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ወደ ውሃው እንዳይወርድ ተፈርቶ ነበር። እሷ ሳህን ላይ ያራባቻቸው ባክቴሪያዎች ግን ውሃው ሲነካቸው አልሞቱም፤ መድኃኒቱ ቢኖርበት ይሞቱ ነበር።

ከምንጩ ውሃ የሚሳብለት የመንደሩ ቦኖ ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የውሃው አሲድነት ቧንቧውን እንዳይበላ አሲድ የሚያበርድ ሶዳ እንደሚጨመርበት ሰማች። ደነገጠች። ውሃው የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ አለበት፤ መድኃኒቱ አሲድ ውስጥ ከብስባሹ ጋር ተጣብቆ ተደብቆ ቢሆንስ? አሲዱ ሲበርድ ይለቅ የለ? ወዲያው ከተረፈው ናሙና ላይ ሶዳ ጨምራ ባክቴሪያዎቹ ላይ ሞከረችው፤ ለማነጻጸር ንጹሕ ውሃም ላይ ጨመረች።

በማግስቱ ጠዋት ሳህኖቹን ከፈተች። በምንጩ ውሃ ዙሪያ ባክቴሪያዎቹ ክብ ሠርተው አልቀዋል። ንጹሑ ውሃ ምንም አልገደለም።

«ፈርመሻል እኮ!» አለ አለቃዋ ጸጋው። «የምርቃቱ እንግዶች ከደሴ ተነሥተዋል። ሰኞ እናየዋለን።»

«ሰኞማ ሰዉ ጠጥቶታል!»

ሳህኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ሚኒባስ ያዘች። ሐረጎ ዳገት ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ሲያዘግሙ፣ ሹፌሩን «ቶሎ በልልኝ» እያለች ለመነችው።

ቦኖው ጋ ስትደርስ ጄሪካኑ ተሰልፏል። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ገበያነሽ የቦኖውን ቁልፍ ይዘው ቆመዋል።

«እትዬ፣ አይክፈቱት!»

«ንጹሕ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔው ነኝ። ተሳስቻለሁ።» ሳህኑን ከነጠላዋ ፈትታ ሰጠቻቸው።

«ይገድላል?»

«ዛሬ የሚሞት የለም። ግን ውሃው የከብት መድኃኒት ገብቶበታል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲጠጣ በሽታ አምጪው ተሐዋሲ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ያን ጊዜ የታመመ ሰው ቢወስደው አያድነውም።»

ገበያነሽ ሳህኑን አገላብጠው አዩ። ከዚያም ቁልፉን ጡታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ሰልፉ ዞሩ።

«ወደየቤታችሁ! ዛሬ ውሃ የለም።»

ከእንግዶቹ አንዱ ጮኸ፤ ሴቶቹም አጉረመረሙ። ገበያነሽ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ሰርካዲስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። አዲስ አበባ የተላከው ናሙና ግን ቃሏን አጸናላት፤ ውሃው ከሌላ ምንጭ እንዲሳብ ተወሰነ። ያ አራት ወር ፈጀ። በክረምቱ ጭቃ ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ወደ ሩቁ ምንጭ ተመላለሱ።

መስከረም ላይ ደሴ ገበያ ገበያነሽን አገኘቻቸው።

«ጉልበቴ እስከ ዛሬ ይረግምሻል» አሏትና አገላብጠው ሳሟት።