ከሶዶ የደረሰን መረጃ

ገበየው ወደ ጉኑኖ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ጥጉን ይዞ ተቀምጦ ሳለ፣ የገዛ ውሸቱን ከሰው ስልክ ውስጥ ሰማው። ከፊቱ የተቀመጠችው ተማሪ ቪዲዮ ታያለች፤ ድምፅ መቀነስ የሚባል ነገር ደግሞ በዚህ መስመር አይታወቅም።

«ከሶዶ በደረሰን የታመነ መረጃ መሠረት» ይላል በስልኩ ውስጥ ያለው ወጣት፣ «አውሮፕላኑ ባሕር ላይ አልወደቀም። አንድ የጦር ሰፈር ውስጥ አርፏል። ተሳፋሪዎቹ በሕይወት አሉ፤ ስልካቸው ብቻ ነው የተወሰደባቸው።»

ያ የታመነ መረጃ እንግዲህ ገበየው ራሱ ነው። ሶዶ ገበያ አጠገብ ሚስማርና ቆርቆሮ ሲሸጥ የኖረ፣ አውሮፕላን በቅርብ ያየው የእህቱን ልጅ ሊሸኝ ቦሌ የሄደ ቀን ብቻ የሆነ ሰው። ሺህ ሰው ቢያምነው ባያምነው ግድ አልነበረውም። እንቅልፍ የነሳችው አንዲት ያመነችው ሴት ናት።

ሴትዮዋ ጉኑኖ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ወለተጊዮርጊስ ናት። ልጇ ናርዶስ በአንድ የውጭ አገር አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጅ ነበረች። ከስምንት ወር በፊት የተሳፈረችበት አውሮፕላን ከራዳር ጠፍቶ ባሕር ላይ ተከሰከሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ አወዳደቁ ያልተባለ ነገር የለም። አንዱ በሚሳይል ተመታ አለ፤ ሌላው አብራሪው ሆን ብሎ ነው አለ፤ ሦስተኛው ጭነቱ ውስጥ ወርቅ ነበር ብሎ ማለ። መርማሪዎቹ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንስኤው ገና አልታወቀም። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር እንደ ክፍት በር ቆጥሮ ያልገባባት ወሬኛ የለም።

ከሁሉም ቀድሞ የገባባት ግን ገበየው ነበር፤ ያውም ለክፋት አይደለም። መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ንጋት ላይ ሽማግሌዎች የነፍስ አባት ይዘው፣ ዘመድ አስከትለው፣ ቤት ድረስ ሄደው ነው የሚያረዱት። እስከዚያ ድረስ ለባለቤቱ ይዋሻል። ታሟል፣ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ እንቢ ብሎ ነው ይባላል። ነውር የለውም፤ ወጉ ነው። ገበየውም ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወሬውን ሱቁ ውስጥ ሲሰማ፣ እህቱ ብቻዋን እንዳትሰማው ብሎ ሱቁን ጥሎ ጉኑኖ ገሰገሰ። ሲደርስ በሩ ላይ ቆማለች።

«የናርዲ አውሮፕላን ጠፋ ይላሉ። ምን ሰማህ?» አለችው።

ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ ግቢ ወጣ። አቮካዶው ሥር ወዲያ ወዲህ እያለ «እሺ… እሺ… ተመስገን» ይል ጀመር። ስልኩ ዝግ ነበር። ሁለት ቀን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ባትሪው ገና መንገድ ላይ ነው ያለቀው። ተመለሰና ሌላ አገር አርፈዋል፣ ስልክ ስለተቀሙ ነው ያልደወሉት አላት።

«እዚያ ይበርዳል እንዴ? እሷ ብርድ አትችልም» አለች።

«ብርድ ልብስ ሰጥተዋቸዋል፣ እትዬ።»

የአንድ ሌሊት ውሸት ነበር። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ግን ወለተጊዮርጊስ የአጥሩ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። «ወንድሜ በስልክ አረጋግጦልኛል። ልቅሶ ይዛችሁብኝ እንዳትገቡ» አለች። ሁሉም ወደ ገበየው ዞሩ። እሱ ጫማውን አየ። ያኔ አንድ ቃል ቢተነፍስ ነገሩ በዚያው ባበቃ፤ አልተነፈሰም። ሰዎቹም እንደመጡ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን እህቱ ኤፊ ለሚባለው የቲክቶክ ልጅ በቀጥታ ስርጭቱ ላይ ደውላ የሰማችውን ሁሉ ነገረችው፤ ከብርድ ልብሱ በቀር። እሱን ለራሷ አስቀረችው።

ስምንት ወር ጥቁር ሳትለብስ፣ ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ ኖረች። ከባሕር የወጣውን አስከሬን ለመለየት ምራቅ ስጪ ቢሏት «እኔ የሕያው ሰው እናት ነኝ» ብላ መለሰች። ገበየው ተደብቆ አዲስ አበባ ሄዶ የራሱን ሰጠ። የእናት ወንድም ይበቃል ብለውት ነበር። ባለፈው ሰኞ ውጤቱ መጣ፤ ናርዶስ ናት። ሣጥኑ ቅዳሜ ጉኑኖ ይገባል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ትናንት እህቱ ደውላለት ነበር። «ኤፊ ቤቴ ይመጣል። የማላውቀውን ሰው በልጄ ስም እንደማላስቀብር ለሕዝብ እናገራለሁ። አንተም አጠገቤ ተቀምጠህ የነገርከኝን ትመሰክራለህ» ብላ ዘጋችው።

የእህቱ ግቢ በር ላይ የእድሩ ዳኛ ዳልጮ ቆሞ ጠበቀው። የድንኳኑ ቋሚዎች ከአጥሩ ውጭ ሣር ላይ ተጋድመዋል።

«ጋሽ ገበየው፣ እድር ተዘጋጅቷል» አለ ዳልጮ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን እናት ካላመነ ድንኳን አይተከልም። ቅዳሜ ሣጥን ይመጣል፣ እሷ አልቀበልም ይላል። ልጅቷን የት እናድርግ? መንገድ ላይ?»

«እነግራታለሁ።»

«ስምንት ወር እንደዚህ አልክ።»

 ገበየው አልፎት ገባ።

ሳሎኑ ተዘጋጅቷል። ኤፊ ስልኩን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሰክቶ መብራቱን ያስተካክላል። ገበየው ክፉ ሰው ጠብቆ ነበር፤ ያገኘው ግን ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ጫማውን በር ላይ ያወለቀ፣ እህቱን «እማማ» የሚል ትሑት ልጅ ነው። ይሄ ይበልጥ አናደደው። ወለተጊዮርጊስ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ የናርዶስን ፎቶ በአስተናጋጅ የደንብ ልብሷ እንዳለች ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ፎቶው ሥር የተጣጠፈ አዲስ ጋቢ አለ። ጋቢውን ሲያይ ክው አለ። ለናርዶስ የሚላክ ነው፤ ሰው ሲገኝ የሚላክ።

«ገቤ፣ እዚህ ና» ብላ አጠገቧ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገችው።

ስርጭቱ ተጀመረ። ስልኩ ጥግ ላይ የተመልካቹ ቁጥር ሦስት ሺህ አለ፣ ስምንት ሺህ አለ፣ አሥራ አንድ ሺህ አለ። ኤፊ ተከታታዮቹን ሰላም ብሎ ስለ ራዳሩ፣ ስለ ወርቁ፣ ስለ ሣጥኑም ተናገረ። ከዚያ ወደ ገበየው ዞረ። «ጋሼ፣ መረጃውን መጀመሪያ ያገኙት እርስዎ ነዎት። ያን ዕለት ማን ነበር የደወለልዎት?»

 እህቱ እጁን ያዘችው። እጇ ሞቃት ነው፤ ይህን እጅ ከዛሬ በኋላ ላያገኘው እንደሚችል አወቀ።

«ማንም» አለ።

«ይቅርታ?»

«ማንም አልደወለልኝም። ለማንም አልደወልኩም። ከመርዶው በፊት እንዳትሰማ ብዬ ነው። ለአንድ ሌሊት ብዬ። ስልኩ…» እጇን ሳይለቅ ቀጠለ። «አውሮፕላኑ የትም አላረፈም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ናርዶስ ናት፤ የተለየችው በእኔ ምራቅ ነው።»

 ኤፊ ለአፍታ ግራ ተጋባ። ቀጥሎ ፊቱ ላይ ሐዘን መጣ፤ የማስመሰል አልነበረም፣ ከልቡ ነው። ወደ ስልኩ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ውድ ተከታታዮቼ፣ እያያችሁ ነው። ስምንት ወር የጸና ሰው፣ ሣጥኑ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ቃሉን ለወጠ። ጋሼ፣ ማን ነው ያስፈራራዎት? ከጎንዎ ነን።»

አስተያየቱ እንደ በልግ ዝናብ ወረደ። ተገዝቷል። ፊቱን እዩት፣ ፈርቷል። ምራቁን ለማን ነው የሰጠው? ገበየው እውነቱን ተናግሮ እንኳ የዚያው ወሬ ማስረጃ ሆኖ ቀረ።  አሁን እህቱም «ምን አድርገውህ ነው?» ካለችው ምንም የሚያደርገው ነገር አይኖርም፤ ናርዶስ ቅዳሜ ደጅ ላይ ትቆማለች።

ወለተጊዮርጊስ እጁን ለቀቀችው።

«ማንም አላስፈራራውም» አለች ለኤፊ። «ስልኩ ዝግ ነበር።»

«እማማ?»

«ያን ቀን ማታ መብራት ሲመጣ ቻርጅ ላይ የሰካሁት እኔ ነኝ። እሱ ጋደም ብሎ ነበር። ብከፍተው እንቢ አለኝ፤ ባዶ ነው። ገና ስሰካው ነው የባትሪው ምልክት ብቅ ያለው።» ፎቶውን ጭኗ ላይ አቃናችው። «በዚህ ስልክ ነው ያወራው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ማሰቡን ተውኩት። አጥፋው ልጄ።»

ኤፊ ወደ ስልኩ አየ፤ ወደ እሷ አየ። አጠፋው።

ገበየው ወደ እህቱ ቀና ማለት አልቻለም። ታውቅ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ እሱ እሷን፣ እሷም ራሷን ከመርዶው እየጠበቁ ነው የኖሩት። ማረኝ ሊል አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«ብርድ ልብሱስ?»

«እትዬ…»

«ብርድ ልብሱን ማን ነገረህ?»

«ማንም። ይበርዳታል ወይ ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው።»

ወለተጊዮርጊስ ጋቢውን በእጇ ዳበሰችው። 

«እንግዲያው ልጄን በርዷት ነበር» አለች።

ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈችና እዚያው ሳሎኑ መሐል ቆማ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ጋቢውን ለገበየው አስታቀፈችው።

«ቅዳሜ ሣጥኑ ላይ አንተ ታለብሳታለህ» አለችው። «አሁን ዳልጮን ጥራልኝ፤ ይትከል።»