የፒክአፗ እኩያ

አባታችን ፒክአፗን አዲስ ሳለች የገዛት «ልጅ ተወለደልኝ» ብሎ ነው። የትኛው ልጅ እንደሆነ ሳይናገር ሞተ። ታላቅ ወንድሜ ግን «እኩያዬ ናት» እያለ ዕድሜ ልኩን ጋቢና ተቀመጠ፤ እኔን ኋላ ከጆንያ ጋር ጫነኝ። ይህ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

ማን ይውረሳት ሲባል፣ የማን እኩያ እንደሆነች እንዲያጣራልን መካኒክ ጠራሁ። ወንድሜ በዱላ ተደግፎ መጣና የፊት ፍርግርጓን ዳሰሰ።

«ይሄ የስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ጨለማ ውስጥም አውቀዋለሁ» አለ።

«ጋሼ፣ ፊቷ ከሌላ አሮጌ መኪና የመጣ ነው። ተጋጭታ ነው የተቀየረላት» አለው መካኒኩ። ከዚያ ሻንሲው ላይ ያለውን ቀለም ፍቆ የታተመውን ዓመት አነበበልን። እኔ የተወለድኩበት ዓመት ነው።

ስንት ዘመን ያጠራቀምኩት ስድብ አፌ ላይ ደረሰ። ወንድሜ ግን ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና እግሩን እየጎተተ ወደ ኋላ ዞረ። የጭነት ቦታዋን ጠርዝ ይዞ ለመውጣት ሲታገል አየሁት።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ተራዬ ነዋ» አለ ሳይስቅ።

ብብቱን ይዤ አወረድኩት።

«ጋቢና ግባ፣ አንተ ሽማግሌ» አልኩት። «ወገብህ ቢቀነጠስ ሚስትህን ማን ይችላታል?»